ጎብልዲጉክ እና የነቀዘው ቦሎቄያችን

ሞያሌ ላይ አምስት ሴቶች ገንዘብ አዋጥተን ስልሳ ኩንታል ቀይ ቦሎቄ ወደ ኬንያ ያሻገርንበትን ጊዜ ሰምታችሁ ይሆናል። በገበያው የተወራው «ነቀዝ በላባቸው» ተብሎ ነው። ሐሰት አይደለም፣ ነቀዝ በልቶብናል። ነገር ግን ከነቀዙ በፊት የበላን ሌላ ነገር ነበር፤ ስሙን ያወቅነው ቦሎቄው ከተበላሸ በኋላ ነው። ጎብልዲጉክ ይባላል። የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ስትጠሩት አፋችሁ ውስጥ ይንከባለላል፤ እኛም እስክንለምደው ስንት ጊዜ ምላሳችን እንደተሳሰረ አንናገርም። ዛሬ የዚህን ቃል ነገር እናጫውታችሁ፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደፈጠረው፣ እኛንስ ምን እንዳስተማረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሎቄውን ከዝዋይና ከአርሲ ነገሌ አካባቢ ከገበሬ ገዛን፣ አስለቀምን፣ በጆንያ ሞልተን ድንበሩን ተሻገርን። ማዶ መጋዘን ገብቶ ወረቀቱ እስኪያልቅ ሲጠብቅ አንድ ደብዳቤ መጣልን። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ራስጌው ማኅተም፣ ግርጌው ፊርማ፣ መሐሉ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ።

ጨርሶ ያልተማርን አይደለንም። ሁለታችን አሥረኛ ክፍል ጨርሰናል፤ አንዳችን ቤሩት ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ሌላዋ ከናይሮቢ ነጋዴ ጋር በስልክ በእንግሊዝኛ ዋጋ ትከራከራለች። ደብዳቤውን ከበን አነበብነው። እያንዳንዳችን የምናውቀውን አንድ አንድ ቃል ከመሐሉ ለቀምን። አንዷ «ሰርተፊኬት» አገኘች፣ አንዷ «አሥር»፣ አንዷ «ሪሊዝ»። «ሪሊዝ ማለት መልቀቅ ነው፤ ይለቁልናል ማለት ነው» አለች። ሌሎቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። እውነቱን ለመናገር ለአምስታችንም አልገባንም። ግን እያንዳንዳችን «ያልገባው ለእኔ ብቻ ነው» ብለን አሰብን። ይሉኝታ ያዘን። «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ሰምተን ያደግን ነንና ዝም አልን።

እውነትም ዝምታው አልነቀዘም። የነቀዘው ቦሎቄው ነው።

ይለቁልናል ብለን አምስት ሳምንት ጠበቅን። የሞያሌን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ከማሳው ጋር አብሮ የመጣ ጥቂት ነቀዝ በዚያ ሙቀት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ እህል የነገደ ሁሉ ያውቃል። በመጨረሻ ሄደን አንዱን ጆንያ ስናስከፍት ፍሬው ሁሉ ተበሳስቷል፤ እፍኝ ስንዘግነው ዱቄቱ በጣታችን መሐል ይፈሳል። በዚያ ላይ የመጋዘኑ ኪራይ በየቀኑ ይቆጥር ነበር።

የአንዳችን ልጅ ናይሮቢ ትማራለች። ለዕረፍት ስትመጣ ቡና ተፈልቶ፣ እኛም ተክዘን ተቀምጠን አገኘችን። «ምንም የጻፉላችሁ ነገር የለም?» ብላ ጠየቀች። እናቷ ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ገጹን ገልብጣ ጨረሰችና ከት ብላ ሳቀች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ጎብልዲጉክ ነው!»

አንዳችን «ጎበዝ» ያለቻት መስሏት ልጄ ተባረኪ አለቻት። ሌላዋ የስዋሂሊ ስድብ መስሏት ተቆጣች። ልጅቷ እየሳቀች አስረዳችን። ጎብልዲጉክ ማለት ትልቅ ትልቅ ቃል ተደርድሮበት፣ ረጅም ሆኖ፣ የቢሮ ሽታ ኖሮት፣ ሲያነቡት ግን ምንም የማይያዝ ጽሑፍ ወይም ንግግር ነው። «እኔም ሦስት ጊዜ አንብቤው ነው የገባኝ። ያልገባችሁ እናንተ ስላልተማራችሁ አይደለም፤ የጻፈው ሰው ስላልጻፈው ነው» አለችን።

በማግስቱ ልጅቷን ይዘን ደብዳቤው ወደ ወጣበት ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ጨረሰና እንደገና ከላይ ጀመረ። ጎኑ ያለውን ባልደረባውን ጠራ፣ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው አነበቡ። ቀና ብሎ ፈገግ አለና በስዋሂሊ «ማማ፣ ሌቴ ቼቲ። ሲኩ ኩሚ» አለን። የምስክር ወረቀት አምጡ፣ አሥር ቀን አላችሁ ማለቱ ነው። አንድ ገጽ ተኩሉ ተጨምቆ ሲወጣ አራት ቃል ሆነ። አሥሩ ቀን ደግሞ ካለፈ ቆይቷል።

የትኛው የምስክር ወረቀት እንደሆነ ስንጠይቅ የፊውሚጌሽኑ ነው አለን። ቦሎቄው ለነቀዝ መታጠኑን የሚያሳየው ወረቀት! ይህን ስንሰማ አንዳችን ሳቀች፣ አንዳችን አለቀሰች፣ ሌሎቻችንም ከሁለቱ የትኛውን እንደምናደርግ ጠፋን።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከአፋችን አልወጣም። ልጅቷም ከየት እንደመጣ አጫወተችን፤ እኛም ደስ ብሎን እየጠያየቅን አጣራን። ከብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚለየው የተወለደበት ዓመትም አባቱም መታወቁ ነው።

አባቱ ሞሪ ማቬሪክ የሚባል አሜሪካዊ ነው። የቴክሳስ ሰው ነበር፤ ከ1935 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆኗል፣ ከዚያም የተወለደባት ከተማ የሳን አንቶኒዮ ከንቲባ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመራ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ትናንሽ ፋብሪካዎች ከጦርነቱ የማምረት ሥራ ድርሻቸውን እንዲያገኙ መርዳት ነው፤ ያለዚያ ሥራውን ሁሉ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይጠቀልሉታል። ይህን ስንሰማ ሰውየው የእኛ ወገን መሰለን። ትንሽ ነጋዴ ከትልቁ እኩል ወረቀት ይጫንበታል፤ ወረቀቱን የሚያነብለት ጠበቃ ግን የለውም።

ማቬሪክ በየስብሰባው በሚሰማውና በየቀኑ ጠረጴዛው ላይ በሚቆለለው ጽሑፍ ተማረረ። በመጋቢት ወር 1944 እ.ኤ.አ. ለሠራተኞቹ ትእዛዝ ጻፈ። አጭር ጻፉ፣ በተራ እንግሊዝኛ ጻፉ፣ ዋናውን ነገርና መደምደሚያውን በመጀመሪያው አንቀጽ አስቀምጡ፣ ሁሉንም በአንድ ገጽ ጨርሱ አለ። ከጎብልዲጉክ ቋንቋ ራቁ ብሎም አዘዘ። በመጨረሻ ደግሞ ከእንግዲህ «አክቲቬሽን» ወይም «ኢምፕልመንቴሽን» የሚል ሰው ይረሸናል ብሎ ቀለደ። በጦርነት ዘመን የተጻፈ ነውና ቀልዱ ሳያስደነግጥ አልቀረም።

ሰዎች ቃሉን ከየት አመጣኸው አሉት። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ መልስ ሰጠ። ምናልባት አገሬ ቴክሳስ የማውቀው ጢማም አውራ ተርኪ ትዝ ብሎኝ ይሆናል አለ። ተርኪ ያን ትልቁን ዶሮ መሳይ የአሜሪካ ወፍ ነው፤ በስዋሂሊ ባታ ምዚንጋ የሚሉት። አውራው ደረቱን ነፍቶ፣ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ የአገር ገዢ መስሎ ይንጎራደድና «ጎብል ጎብል ጎብል» እያለ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ሲያልቅ ደግሞ «ጉክ» የሚል ነገር ይከተላል። ማቬሪክ የቢሮ ሹማምንቱ ሲናገሩ የሰማው ይህንኑ ነው።

በእንግሊዝኛ «ጎብል» ሌላም ፍቺ አለው፤ ሳያኝኩ መሰልቀጥ ማለት ነው። ይህን ስንሰማ አንዳችን «በሉ እንግዲህ፣ ቦሎቄያችንን የሰለቀጠው ይኸው ወፍ ነው» አለች።

የወፉ ስም ራሱ የነጋዴ ታሪክ አለው። ተርኪ ማለት ቱርክ ማለት ነው፤ ወፉ ግን ከቱርክ አገር አልመጣም። መጀመሪያ በዚህ ስም በእንግሊዝ አገር የተጠራው የእኛው የአፍሪካ ጅግራ ነበር፤ በቱርክ ግዛት በኩል ያለፉ ነጋዴዎች ወስደው ስለሸጡት «የቱርክ ወፍ» ተባለ። ኋላ ትልቁ የአሜሪካ ወፍ ሲመጣ ከጅግራው ጋር ተምታታና ስሙን ወረሰ። ቱርኮቹ ደግሞ በበኩላቸው ወፉን «ሂንዲ» ይሉታል፤ ከህንድ የመጣ መስሏቸው። ዕቃው አንድ ሆኖ የትውልድ አገሩ በየኬላው ሲለዋወጥ እኛ ብቻ አይደለንም ያየነው ማለት ነው።

የሰውየው የቤተሰብ ስምም ሌላ ቃል ሆኗል። አያቱ ሳሙኤል ማቬሪክ የቴክሳስ ሕግ አዋቂና ባለ ሰፊ መሬት ነበር። በ1840ዎቹ ለብድር መክፈያ ከብቶች ተሰጡት፤ እሱ ግን ለከብት ብዙም ግድ አልነበረውምና እንደ ጎረቤቶቹ በጋለ ብረት ምልክት ሳያስተኩስባቸው ቀረ። ምልክት የሌለው ጥጃ ሜዳ ላይ ሲገኝ ሰው ሁሉ «የማቬሪክ ነው» ይል ጀመር። ዛሬ በእንግሊዝኛ ማቬሪክ የሚባለው ከመንጋው ተለይቶ በራሱ መንገድ የሚሄድ ሰው ነው። የከብት ነጋዴ ወንድሞቻችን ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ በከብት ገላ ላይ ያለ ምልክት በገበያ ምን ያህል እንደሚናገር ያውቃሉና። አያትየው በከብቶቹ ምክንያት ለእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሰጠ፣ የልጅ ልጁ በወፍ ምክንያት ሁለተኛውን ጨመረ። ሁለቱንም ቃላት የሰጠው አንድ ቤተሰብ ነው ማለት ይቻላል።

እኛስ በአማርኛ ምን እንለዋለን ብለን ተከራከርን። አንዳችን «መቀባጠር» አለች፤ ነገር ግን የሚቀባጥር ሰው ማኅተም የለውም። ሌላዋ «መዘላበድ» አለች፤ የሚዘላብድ ሰው ደግሞ ይታወቅበታል፣ ማንም አይፈራውም። በመጨረሻ የቤሩቷ እህታችን «የወፍ ቋንቋ ነዋ!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። በልጅነታችን ትልልቆቹ እንዳይሰሙን በቃሉ መሐል ፊደል እየሰነቀርን የምናወራው ያ ነው። አዝማሪዎችም የራሳቸው አላቸው። ማቬሪክም ከወፍ አገኘው፣ እኛም የወፍ አልነው። ልዩነቱ ግን አለ። የእኛ የወፍ ቋንቋ ለሚያውቀው ሰው ይፈታል። ሰምና ወርቃችንም እንደዚያው ነው፤ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቅ ይገኛል፣ የተቀኘውም ሰው ወርቁን አስቀምጦ ነው የሸፈነው። ያን ደብዳቤ ግን ብናቀልጠው ብናቀልጠው የወጣው «ወረቀት አምጡ» ነው። ይህን ለመናገር ሰም አያስፈልግም ነበር።

አማርኛችንም ንጹሕ ነው ብለን አንታበይም። «ከላይ የተጠቀሰው እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚል ደብዳቤ ይዞ ላይ ታች ያላለ ነጋዴ ካለ ይንገረን። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «አስፈላጊው ሁሉ ይደረጋል»። ማን ነው የሚያደርገው? መቼ? ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የለውም፤ ማቬሪክ አያት ጥጃ ማንም ምልክት አላደረገበትም።

ደግሞ ከባድ ቃል ሁሉ ጎብልዲጉክ እንዳልሆነ ልጅቷ አስጠነቀቀችን። ዲመሬጅ ከባድ ቃል ነው፤ ነገር ግን ጂቡቲ ላይ ኮንቴይነር የቆየበት ሁሉ ምን እንደሆነና በቀን ስንት እንደሚያስከፍል ያውቃል። ትራንዚት፣ ፊውሚጌሽን፣ የትውልድ አገር የምስክር ወረቀት፣ እነዚህ የሙያው ቃላት ናቸው፤ አንዴ ከተማሩት አይለወጡም። እኛ አሁን የምንለይበት ዘዴ አለን። ወረቀት ሲመጣ ሦስት ጥያቄ እንጠይቀዋለን። ምን ላምጣ ወይም ምን ላድርግ? እስከ መቼ? ባላደርግ ምን ይከተላል? ሦስቱን ከመለሰ ቋንቋው ቢከብድም ደብዳቤ ነው፤ አስተርጉመን እንሠራበታለን። ሦስቱን ካልመለሰ ተርኪ ነው። ያን ጊዜ ቁጭ ብለን ራሳችንን አንወቅስም፤ ወረቀቱን ይዘን ወደጻፈው እንሄዳለን።

አሁን የሚያሳፍረውን እንንገራችሁ፤ ሳቁን ብቻ ነግረናችሁ ብናልፍ ደግ አይደለም። ቦሎቄው ከተበላሸ በኋላ ለገበሬዎቹ የቀረባቸውን ቀሪ ሂሳብ ልንከፍል ሄድን። ስንገዛ ግማሹን ሰጥተን፣ ግማሹን በወረቀት ነበር የተዋዋልነው። አንድ አዛውንት ወረቀቱን ከኮታቸው ኪስ አጣጥፈው አወጡና «ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ምን ይላል?» አሉን። እኛው ያስጻፍነው ነው። «ምርቱ በገዢ ወገን ተቀባይነት ካላገኘ በሁኔታው መሠረት ዋጋው ሊስተካከል ይችላል» ይላል። በአማርኛ። እሳቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። አውራ ጣታቸውን ያሳረፉበት ቀለም እስካሁን ግርጌው ላይ አለ። ሲፈርሙ ምን እንደሚል አልጠየቁንም፤ እኛም አልነገርናቸውም። እሳቸውንም ይሉኝታ ይዟቸው ነበር።

«በሁኔታው መሠረት» የሚለውን ተጠቅመን ኪሳራውን ልናካፍላቸው እንችል ነበር። ከመሐላችን ይህን ያሰበች አልነበረችም ብንል እንዋሻለን። ነገር ግን ያ ወረቀት በእጃችን እያለ የሰማነው የዚያን ወፍ ጩኸት ነው፤ ያን ጊዜ ደረቱን ነፍቶ የሚንጎራደደው ሌላ ማንም አልነበረም፣ እኛው ነን። ቀሪውን ሂሳብ ሳንቀንስ ከፈልን። ለመክፈል የሁለታችን እቁብ ገባበት፤ የአንዳችን የአንገት ሀብልም ተሸጠ። ዛሬ ከገበሬ ስንገዛ ውሉ አራት መስመር ነው፤ ስንት ኩንታል፣ በስንት ብር፣ መቼ እንደምንከፍል፣ እህሉ ቢበላሽ ኪሳራው የማን እንደሆነ። በኦሮምኛ ጮክ ብሎ ይነበባል፣ ከዚያ ገበሬው በራሱ አፍ መልሶ ይነግረናል። እሱ መልሶ ካልነገረን አንፈርምም።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉትም አባቶቻችን ናቸው፣ «ዝም አይነቅዝም» የሚሉትም እነሱው ናቸው። ሁለቱም እውነት ይሆናሉ፣ እንደ ጊዜው ነው። ሰው ሲቆጣ ዝም ማለት አይነቅዝም። ወረቀት ሳይገባን ዝም ስንል ግን በየቀኑ ኪራይ ይቆጥራል።

ባለፈው ሰሞን ከዚያው ቢሮ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ይኸኛው ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር። ከበን ስናየው ከሁላችን ዝምተኛዋ፣ ያኔ ቀድማ ራሷን የነቀነቀችው፣ መነጽሯን አወለቀችና «እኔ አልገባኝም» አለች። ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ አምስታችንም። እንዲህ ብለን ስናበቃ ሳቅ በሳቅ ሆንን፤ ነጠላችንን አጣፍተን ድንበሩን ተሻገርን። መስኮቱ ላይ ያለው ያው ልጅ ነው። ገና ሲያየን እጁን ዘረጋ፣ ወረቀቱን አነበበና እስክሪብቶውን አንስቶ ጥግ ላይ በስዋሂሊ አንድ መስመር ጻፈልን። የጎደለውን ወረቀት በሦስተኛው ቀን አስገባን።

በዚህ ጊዜ የጫንነው አርባ ኩንታል ነው፤ የቀድሞውን ያህል አቅም የለንም። ቦሎቄው ግን ታጥኖ ነው የሄደው፣ ወረቀቱም አብሮት ሄዷል።